ኮምፒዩተር ከሥሩ እንዴት እንደሚሠራ ለመማር ከየት ልጀምር?

የካዛንቺሷ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም። ዌብሳይት እየሠራሁ መኖር ከጀመርኩ ቆየሁ። በብዛት ፒኤችፒ እና ጃቫስክሪፕት ነው የምጠቀመው። ደንበኛ የፈለገውን ሠርቼ አስረክባለሁ፣ ይከፍለኛል፣ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ግን አንድ ነገር ሁሌም ይከነክነኛል። የምጽፈው ኮድ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ኤረር ሲመጣ ኢንተርኔት ላይ እፈልጋለሁ፣ ያገኘሁትን እለጥፋለሁ፣ ይሠራል። ለምን እንደሠራ ግን ሳይገባኝ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

ሰሞኑን ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። የአንድ ማኅበር የአባላት መመዝገቢያ ነው፤ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው የሠራው ያረጀ ሲስተም። ከበደ ይመዘገባል፣ አልማዝ ትመዘገባለች፣ ምንም ችግር የለም። ወልደሚካኤል የሚባል አባል ሲመጣ ግን «ወልደሚካኤ» ይልና መጨረሻው ላይ ጥቁር ዳይመንድ ውስጥ ያለች የጥያቄ ምልክት ትወጣለች። ዳታቤዙ ላይ ለስም የተሰጠው ቦታ 20 ነበር። ወደ 100 አሳደግኩት፣ ስሙን እንደገና አስገባሁት፣ ተስተካከለ። ደንበኛው ደስ አለው። እኔ ግን እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው። ወልደሚካኤል 7 ፊደል ነው፣ ቦታው ደግሞ 20። ታዲያ ምን ጠበበው?

እናም ጥያቄዬ ይኼ ነው። ከሥር ያለውን መማር እፈልጋለሁ። አንዱ ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተማሪ ይለኛል፣ አንዱ አሴምብሊ፣ ሌላው ከትራንዚስተር ጀምሪ ይላል። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው፤ ጊዜ የማገኘው ማታ ማታ ብቻ ነው። እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምሩ ነበር?

ሲ_ወዳጅ

ሲ ተማሪ። ፒኤችፒ ራሱ የተጻፈው በሲ ነው፣ የሊኑክስም ከርነል እንደዚያው። ፖይንተር (ሚሞሪ ውስጥ ያለ ቦታን አድራሻ የሚይዘው) ሲገባሽ ሚሞሪ ይገባሻል፣ ሚሞሪ ሲገባሽ የቀረው ይቀልሻል። አጭሩ መልስ ይኼ ነው።

ፊደል_ቆጣሪ

እህቴ፣ ሲ መማርን አልቃወምም፤ ጊዜው ሲደርስ ራስሽ ትፈልጊዋለሽ። ግን «መጀመሪያ ሲ፣ ከዚያ አሴምብሊ፣ ከዚያ...» ብሎ የጀመረ ብዙ ሰው መንገድ ላይ ሲቀር አይቻለሁ። ምክንያቱም የሚማረው ነገር ከሚሠራው ሥራ ጋር አይገናኝለትም። የእኔ ምክር ሌላ ነው። በየቀኑ የምትነኪውን አንድ ነገር ያዢና እስከ ታች ድረስ ተከተዪው። አንቺ ደግሞ ጥያቄሽን ይዘሽ ነው የመጣሽው። ወልደሚካኤልን ተከተዪ።

ዛሬ ማታ ፒኤችፒሽን ክፈችና ስትርሌን የሚባለውን ፋንክሽን «ወልደሚካኤል» ብለሽ ስጪው። 7 አይልሽም። 21 ነው የሚልሽ። ኤምቢ ስትርሌን ብትጠቀሚ ግን 7 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንደኛው ባይት (ኮምፒዩተሩ መረጃ የሚያስቀምጥባትን ትንሽ ቦታ፣ 8 ቢት) ይቆጥራል፣ ሌላኛው ፊደል ይቆጥራል።

ኮምፒዩተሩ ፊደል አያውቅም፣ ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ሰጥቶታል። የእኛ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ሀ 4608 ነው፣ ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ይሄዳል። ያ ቁጥር ፋይል ላይ ሲቀመጥ ደግሞ በባይት ይቆራረጣል፤ ዛሬ ኢንተርኔቱ በሙሉ ማለት ይቻላል የሚጠቀምበት የአቆራረጥ ዘዴ ዩቲኤፍ-8 ነው። በዚህ ዘዴ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ይይዛል፣ የእኛ ፊደል 3 ባይት።

አሁን ሒሳቡን ሥሪው። 7 ሲባዛ በ3፣ 21። ያ አሮጌ ሲስተም ቦታውን የሚለካው በባይት ነው፤ ምናልባት የዳታቤዙ ካራክተር ሴት (ፊደልን በየትኛው ዘዴ እንደሚያስቀምጥ የሚወስነው) ላቲን 1 የሚባለው፣ ለአንድ ፊደል አንድ ባይት የሚሰጠው የድሮ ዘዴ ሆኖ ቀርቶ ይሆናል፤ ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ እስከ 8.0 እትም ድረስ ሳይነኩት የሚመጣው በእሱ ነበር። 20 ባይት ላይ ቁርጥ ያደርገዋል። 6ቱ ፊደሎች 18 ባይት ይዘው በሰላም ገቡ። የመጨረሻው ል ግን 225፣ 136፣ 141 የሚባሉ 3 ባይቶች ነው። 225 እና 136 ገቡ፣ 141 በር ላይ ቀረ። ብሮውዘሩ ሲያነበው «ፊደል ተጀመረ» ይላል፣ ማለቂያውን ያጣዋል፣ ያቺን ዳይመንድ ያወጣልሻል። ከበደ 9 ባይት ስለሆነ ቦታው ተርፎት ነው የገባው።

በነገራችን ላይ፣ ቦታውን ማሳደግሽ ጥሩ ነው፤ ግን ካራክተር ሴቱን ቼክ አድርጊው። ለጊዜው የተሸፈነ ችግር እንዳይሆን።

የካዛንቺሷ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አሁኑኑ ሞከርኩት፣ እውነትም 21 ይላል። ካራክተር ሴቱም እንዳልከው ላቲን 1 ነው። ግን አንድ ጥያቄ ልጨምር። ለምን 3? ቁጥሩ 4608 ከሆነ በ2 ባይት ይገባ የለም እንዴ? 2 ባይት እስከ 65,535 ይይዛል ብለው ነው ያስተማሩን።

ፊደል_ቆጣሪ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ።

«ሰላም» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ሰ 4656 ነው፣ ላ 4619፣ ም 4637። 4656ን በቢት፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ፣ ስትጽፊው 0001001000110000 ይሆናል። እውነትሽን ነው፣ 16 ቢት ነው፣ 2 ባይት ይበቃዋል። ችግሩ የሚመጣው ከሌላው ጽሑፍ ጋር ሲደባለቅ ነው። አንባቢው ፕሮግራም አንድ ባይት ሲያገኝ ይቺ ብቻዋን የቆመች የእንግሊዝኛ ፊደል ትሁን ወይስ የሌላ ፊደል ግማሽ በምን ይለየው? ስለዚህ እያንዳንዱ ባይት ግንባሩ ላይ ምልክት ይዞ መምጣት አለበት። ምልክቱ ደግሞ ቦታ ይወስዳል።

ዘዴው እንዲህ ነው። የ3 ባይት ፊደል የመጀመሪያው ባይት በ1110 ይጀምራል፤ ሦስቱ 1ዶች «እኛ ሦስት ነን» ማለት ናቸው። ተከታዮቹ ሁለቱ በ10 ይጀምራሉ። ስለዚህ ያንን 16 ቢት 0001፣ 001000፣ 110000 ብለሽ ትከፍይዋለሽ፤ 4፣ 6፣ 6። ምልክቶቹን ከፊታቸው ስትለጥፊ 11100001፣ 10001000፣ 10110000 ይሆናል። ወደ ተራ ቁጥር መልሺው፦ 225፣ 136፣ 176። ላ 225፣ 136፣ 139 ነው። ም 225፣ 136፣ 157። ሰላም ማለት ዲስክሽ ላይ እነዚህ 9 ቁጥሮች ናቸው።

ይህንን ዘዴ ያወጡት ኬን ቶምፕሰን እና ሮብ ፓይክ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1992። ቶምፕሰን ዩኒክስን ከሠሩት አንዱ ነው። ትልቁ ብልኃት ምን መሰለሽ፣ መሀል ላይ ባይት ቢጠፋ እንኳ ሁሉም ነገር አይበላሽም። በ10 የሚጀምር ባይት ካየ «ይቺ ተከታይ ናት» ብሎ ዘሎ የሚቀጥለውን ጀማሪ ይፈልጋል። የወልደሚካኤል ስም ውስጥ አንዷ ል ብቻ የተበላሸችው፣ ሌላው ደህና የቀረው በዚህ ነው።

አሁን ደግሞ በጣም የምወደውን ላሳይሽ። 4608ን ቀንሺና በ8 አካፍዪ። ሰ፦ 4656 ሲቀነስ 4608፣ 48 ነው። ለ8 ሲካፈል 6፣ ቀሪ 0። ላ፦ 11፣ ለ8 ሲካፈል 1፣ ቀሪ 3። ም፦ 29፣ ለ8 ሲካፈል 3፣ ቀሪ 5። ድርሻው ቤቱን ይነግርሻል፣ ቀሪው እንዚራኑን። ቀሪ 0 ግዕዝ፣ 1 ካዕብ፣ 2 ሳልስ፣ 3 ራብዕ፣ 4 ኃምስ፣ 5 ሳድስ፣ 6 ሳብዕ። 7 ደግሞ ለእነ ሏ፣ ሟ፣ ሯ ተይዟል። ልጅ ሆነን ግድግዳ ላይ ያየነው ገበታ ዩኒኮድ ውስጥ ረድፍ በረድፍ አለ። ስፋቱን 8 ስላደረጉት እንዚራኑ ሁልጊዜ የመጨረሻዎቹ 3 ቢቶች ላይ ይቀመጣል። 139ን በቢት ጻፊው፣ 10001011። መጨረሻው 011፣ ማለትም 3፣ ራብዕ። ላ።

ኪቦርድሽም ይህን ነው የሚጠቀመው። በላቲን ድምፅ የምንጽፍበት ኪቦርድ ላይ መጀመሪያ ኤስን ስትነኪ ስ ይመጣል፣ 4661። ቀጥለሽ ኤ (a) የሚለውን ስትነኪ ስን አጥፍቶ ሳን ይተካልሻል፣ 4659። የተነካው የመጨረሻው 3 ቢት ብቻ ነው።

መርካቶ_ጥገና

እኔ ኮድ አልጽፍም፣ ሞባይል ነው የምጠግነው። ግን እዚህ ክር ላይ የምለው አለኝ።

ሁሉም ሰው «ከታች ያለው 0 እና 1 ነው» ይላል። መልቲሜትር ይዘሽ ሰሌዳው ላይ ስትገቢ 0 እና 1 የሚባል ነገር አታገኚም። የምታገኚው ቮልት ነው። አሁን ባሉት ብዙ ስልኮች ላይ አብዛኛው የመረጃ መስመር በ1.8 ቮልት ይሠራል። ወደ 1.8 የተጠጋው 1 ተብሎ ይነበባል፣ ወደ ዜሮ የተጠጋው 0። መሀል ላይ የቀረው ምን ተብሎ እንደሚነበብ ማንም ዋስትና አይሰጥሽም። ውኃ የገባበት ስልክ አንዴ ይነሣል፣ አንዴ እምቢ ይላል፤ ባለቤቱ «ሶፍትዌር ነው» ብሎ ያመጣዋል፣ ስለካው መስመሩ መሀል ላይ ተንጠልጥሎ አገኘዋለሁ። ከሁሉም በታች ያለው ይኼ ነው። 1 እና 0 እኛ መሀሉን ላለማየት የተስማማንበት ነገር ነው።

ሌላ አንድ ነገር። ሰሌዳው ላይ ሰዓት የምትቆጥር ትንሽ ክሪስታል አለች። በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች። ለምን ይኼ ቁጥር? ከ1 ተነሥተሽ 15 ጊዜ ለሁለት እያባዛሽ ብትሄጂ የምትደርሺበት ቁጥር ስለሆነ ነው። ምቱን በግማሽ የሚቀንስ ሰርኪዩት 15 ጊዜ ደርድሪ፤ ከመጨረሻው የሚወጣው በሴኮንድ አንድ ምት ነው። የእጅ ሰዓት ውስጥም ያለችው እሷው ናት። ባትሪው ዘግቶ የቆየ ስልክ ሲበራ ሰዓቱን ካልሳተ እሷ ስትቆጥር ቆይታለች ማለት ነው።

ሳንቲም_በሳንቲም

መርካቶ ካቆመበት ልቀጥል፣ ምክንያቱም ያቺ በሴኮንድ አንድ ምት ወደ ላይ ስትወጣ እኔ ጋ ትደርሳለች። የምሠራው ክፍያ ነክ ሶፍትዌር ላይ ነው።

እህታችን አካውንቲንግ ተምሬያለሁ ብላለች፤ ይኼ ትልቅ ጉልበት ነው፣ እንደ ጉድለት እንዳታዪው። ብሮውዘርሽን ክፈቺና ኮንሶሉ ላይ 0.1 + 0.2 ብለሽ ጻፊ። የሚመልስልሽ 0.30000000000000004 ነው። ካልኩሌተሩ አልተበላሸም። 1ን ለ3 ስናካፍል 0.333 እያለ እንደማያልቅ ሁሉ፣ አንድ አሥረኛም በቢት ሲጻፍ አያልቅም፤ ማሽኑ የሆነ ቦታ ላይ መቁረጥ አለበት። እና 10 ሳንቲምን በዚህ መንገድ ካስቀመጥሽ ትክክለኛውን 10 ሳንቲም አላስቀመጥሽም። አንድ ሒሳብ ላይ አይታይም። ሺህና መቶ ሺህ ሒሳብ ሲደመር ግን ዴቢቱና ክሬዲቱ እምቢ ይላል፤ ያ ምን ዓይነት ሌሊት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ ገንዘብ በሙሉ ቁጥር ነው የሚቀመጠው፤ በሳንቲም። 150 ብር ከ25፣ 15025። እዚህም ግን ወለሉ ይፈለጋል። ማይኤስኪውኤል ላይ ኢንት ብለሽ ብትይዢው 32 ቢት ነው፤ አንዱ ቢት ለፕላስና ማይነስ ስለሚሄድ ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። በሳንቲም ካሰብሽው 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ማለት ነው። ለአንድ ሱቅ ይበቃል። ለአስመጪ አይበቃም። ቢግኢንት አድርጊው፣ 64 ቢት ነው።

ይኼው ቁጥር ሌላ ቦታም ይጠብቀናል። ብዙ ኮምፒዩተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ላይ ከዜሮ ተነሥተው በሴኮንድ ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ያ ቆጠራ 32 ቢት ውስጥ የተያዘባቸው ሲስተሞች ላይ 2,147,483,647 ሲደርስ ይሞላል። መቼ እንደሚሞላ አስሉት፦ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ። የጥምቀት ዕለት፣ ጠዋት። በሚቀጥለው ሴኮንድ ቁጥሩ ማይነስ ይሆንና ያ ኮምፒዩተር ቀኑ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ነው ብሎ ያስባል፤ ምኒልክ ዙፋን ላይ ያሉበት ዘመን። አዳዲሶቹ ሲስተሞች ወደ 64 ቢት ስለተሸጋገሩ አይነካቸውም። ማይኤስኪውኤል ላይ ታይምስታምፕ የሚባለው የቀን ዓይነት ግን ማብቂያው ያው ዕለት ነው። የ20 ዓመት ብድር መክፈያ ቀን እሱ ላይ ለማስገባት የሞከረ ሰው ዛሬውኑ ያገኘዋል። ዴትታይም ተጠቀሙ።

ቀን_ከሌት

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ዛሬ ይኼ ሁሉ ምን ያደርጋል? ኤአይ ኮዱን በደቂቃ ይጽፍልሻል። ባይት መቁጠር ድሮ ቀረ። ልጅቷ ገቢዋን የሚያሳድግላት ነገር ብትማር ይሻላት ነበር።

የካዛንቺሷ

ወንድሜ፣ ስለ ገቢዬ ማሰብህን በበጎ እወስደዋለሁ። ወልደሚካኤልን መጀመሪያ የጠየቅኩት ኤአይ ነው። «ቦታውን አሳድጊው» አለኝ፣ አሳደግኩት፣ ሠራ። ካራክተር ሴቱ ላይ ያለው ችግር ግን እዚያው ነበር፤ ዛሬ ማታ ነው ያየሁት። ማን እንደጻፈው ለውጥ የለውም፣ ደንበኛው ፊት ቆሜ «ይኼ ዳግም አይመጣም» የምለው እኔ ነኝ።

ፊደል_ቆጣሪ

ቀን_ከሌት፣ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ኤአይም ከዚህ ባይት አላመለጠም። ብዙዎቹ የቋንቋ ሞዴሎች ጽሑፍን ከባይት ተነሥተው በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚያነቡት። ቁራጮቹ የተመረጡት በብዛት ካዩት ጽሑፍ ስለሆነ የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ጊዜ በአንድ ቁራጭ ያልፋል፤ የአማርኛው ቃል ግን ተበጣጥሶ ነው የሚገባው። ሒሳቡ በቁራጭ በሚከፈልበት ቦታ ደግሞ አንድ ዓይነት ሐሳብ በአማርኛ መጠየቅ ዋጋው ይበዛል። በአማርኛ የሚሠራ አገልግሎት ከዚህ ላይ ልትሠራ ካሰብክ ይህንን ሳታውቅ ዋጋ ልታወጣ አትችልም።

ጂማ_ቴክ

ስለ ዋጋ ከተነሣ ኤስኤምኤስ አይረሳ! ለዕድር፣ ለትምህርት ቤት ምናምን በጅምላ መልእክት የሚልክ ሲስተም የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ስልካችሁ ላይ መልእክት መጻፊያውን ክፈቱና በእንግሊዝኛ ጀምሩ፤ ቆጣሪው ከ160 ነው የሚጀምረው። መሀል ላይ አንዲት ፊደል፣ «ና» ብቻ እንኳ ጨምሩ። ወዲያው 70 ይሆናል።

ምክንያቱ ይኼው ነው። አንድ ኤስኤምኤስ 140 ባይት ብቻ ነው የሚሸከመው፣ ማለትም 1,120 ቢት። የላቲን ፊደሎቹ እያንዳንዳቸው በ7 ቢት ይታሸጋሉ፤ 1,120 ለ7፣ 160። የእኛ ፊደል እዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ስለሌለ መልእክቱ በሙሉ ወደ 16 ቢት ይዞራል፤ 1,120 ለ16፣ 70። መልእክቱ ረዝሞ ሲከፋፈል ደግሞ ማያያዣ መረጃ ስለሚገባ በአንዱ ክፋይ 67 ብቻ ይቀራል። ከ70 ያለፈ፣ 100 ፊደል እንኳ የማይሞላ የዕድር ጥሪ እንደ 2 መልእክት ይቆጠራል። አማርኛን በላቲን መጻፍ እንዲህ የተለመደው አንዱ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። እኔ በበኩሌ ብሩን ከፍዬ በፊደል ነው የምልከው።

ዘሲልቨርስፕሪንግ

ልጆቼ፣ ደስ እያለኝ ነው የማነበው። እኔ ከሜሪላንድ ነኝ፣ ፕሮግራመር አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የማኅበረሰባችንን ጋዜጣ እያዘጋጀን በኮምፒዩተር እንጽፍ ነበር። በዚያን ጊዜ ፎንቱን በዲስኬት ተቀብለን ነው የምንጭነው። ያ ሁሉ ጽሑፍ ፋይሉ አለኝ፤ ስከፍተው ግን ሙሉ በሙሉ የላቲን ፊደል ትርምስ ነው። የሙታን መታሰቢያ፣ የሠርግ ማስታወቂያ፣ የሽማግሌዎች ቃለ መጠይቅ አለበት። የልጅ ልጄ ዩቲኤፍ-8 አድርገው ብላ ሞከረች፣ አልሆነም። ይኼ ነገር ይድናል ወይ?

ፊደል_ቆጣሪ

ጋሼ፣ ይድናል፤ ተስፋ እንዳይቆርጡ። ግን የእርስዎ ሕመም ከሌላው የተለየ ነው፤ ልዩነቱን ላስረዳዎት።

ሁለት ዓይነት ትርምስ አለ። አንደኛው በየሦስቱ ምልክት አናቱ ላይ ጭረት ያለበት የላቲን ኤ እየተደጋገመ የሚመጣበት ነው። ያ ደህና አማርኛ ነው፤ ያነበበው ፕሮግራም ብቻ ነው የተሳሳተው። ቅድም እንዳልነው የፊደሎቻችን የመጀመሪያ ባይት 225 ነው፤ በላቲን 1 ደግሞ 225 ያቺ ጭረት ያለባት ኤ ናት። ሦስቱን ባይት እንደ ሦስት ፊደል እያነበበ ነው። ፕሮግራሙን «ይኼ ዩቲኤፍ-8 ነው» ካሉት ወዲያው ይስተካከላል።

የእርስዎ ሁለተኛው ነው። ያኔ ዩኒኮድ ውስጥ የእኛ ፊደል አልገባም ነበር። ስለዚህ ፎንት ሠሪዎቹ የላቲኑን ቁጥር እንዳለ ትተው ስዕሉን ብቻ ቀየሩት። ፋይሉ ላይ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ነው፤ ፎንቱ ከላይ የግዕዝ ፊደል ይሥልበታል። አንድ ባይት 256 ቁጥር ብቻ ስለሚይዝ ፊደላችን ደግሞ ስለሚበዛ፣ አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፋፈሉት፣ አንዳንዶቹ ቅጥያውን ለብቻ አድርገው ከቤቱ ጋር አጣበቁት። ፎንቱ ሲጠፋ ስዕሉ ይጠፋል፣ የላቲኑ ቁጥር ብቻ ይቀራል። ለዚህ ነው ዩቲኤፍ-8 ማለት ምንም ያልፈየደው።

መድኃኒቱ መቀየሪያ ሠንጠረዥ ነው፤ ይህ ቁጥር በዚያ ፎንት ይህ ፊደል ነበር የሚል። መጀመሪያ ፋይሉን በወርድ ከፍተው የፎንቱ ስም ምን እንደሚል ይዩ፤ ብዙ ጊዜ ፎንቱ ባይኖርም ስሙ እዚያው ተጽፎ ይገኛል። የታተመ ቅጂ ካለዎት ደግሞ ጎን ለጎን አድርጎ ሠንጠረዡን መሥራት ይቻላል። ከሁሉ በፊት ግን ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ሁለት ቦታ ይገልብጡት። ሲከፍቱት «ላስቀምጠው?» ቢልዎት እንቢ ይበሉት። የፎንቱን ስም እዚህ ይጻፉልን፣ እንተጋገዛለን።

የካዛንቺሷ

ጋሼ፣ እኔም እሠራበታለሁ። ፒኤችፒ ላይ ሠንጠረዥ አንብቦ መቀየር የማውቀው ሥራ ነው። የሽማግሌዎቹ ቃለ መጠይቅማ መጥፋት የለበትም።

ሲ_ወዳጅ

ክሩ ጥሩ ቦታ ደረሰ፤ ፊደል_ቆጣሪ ያለው መንገድ እንደሚያስኬድ አይቻለሁ። ግን ሲን አልተውም፣ አንድ ምክንያት ልስጣችሁ።

10,000 በ10,000 የሆነ የኢንት ሠንጠረዥ ሥሩ፣ 400 ሜጋባይት ገደማ ነው። አንዴ ረድፍ በረድፍ ደምሩት፣ አንዴ ዓምድ በዓምድ። ድምሩ አንድ ነው፣ የደማሪው ኮድ ልዩነት የሁለት ፊደል መለዋወጥ ነው። ጊዜው ግን በብዙ እጥፍ ይለያያል። ፕሮሰሰሩ ከሚሞሪ አንድ ቁጥር ሲጠይቅ ብቻዋን አይመጣለትም፤ በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ 64 ባይት አንድ ላይ ይመጣለታል፣ ማለትም 16 ኢንት። ረድፍ በረድፍ ከሄድሽ 16ቱንም ትጠቀሚባቸዋለሽ። ዓምድ በዓምድ ከሄድሽ አንዷን ወስደሽ 15ቱን ትተሽ ሌላ ትጠይቂያለሽ፤ ለአንድ ወጥ ሽንኩርቱን በየራሱ ገበያ እየወጡ መግዛት ነው። ይኼንን ሲ ላይ በግልጽ ታዪዋለሽ። ፒኤችፒ ላይ መሀል ላይ ብዙ ነገር ስላለ ይደበቅብሻል።

የካዛንቺሷ

እሺ፣ ወስኛለሁ። በመጀመሪያ የፊደል ሥራውን እጨርሳለሁ፤ ቃል ተቀብሎ ባይቱን፣ ቤቱን እና እንዚራኑን የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ጀምሬያለሁ። ከዚያ እሱኑ በሲ እንደገና እጽፈዋለሁ፣ ያኔ ሲ_ወዳጅ አንተን ነው የማስቸግረው።

አንድ ነገር ግን ያዘኝ። በ8 የማካፈሉ ነገር ለሰላም ሠራ፣ ለወልደሚካኤልም ሠራ። «ቋንቋ» ላይ ግን ተበላሸ። ቋ 7 ቀሪ ይሰጠኛል ብዬ ጠብቄ 3 ሰጠኝ፣ ቤቱም ከቀ ቤት ሌላ ሆነ። የእኔ ኮድ ነው የተሳሳተው?

ፊደል_ቆጣሪ

ኮድሽ ልክ ነው። ለ ያለችው ዲቃላ አንድ ብቻ ናት፣ ሏ፤ ስለዚህ 8ኛው ቦታ ይበቃታል። ቀ ግን ቈ፣ ቊ፣ ቋ፣ ቌ፣ ቍ የሚባሉ አምስት አሏት። በአንድ ቦታ አይገቡም። ስለዚህ ከቀ ረድፍ ቀጥሎ የራሳቸው ረድፍ ተሰጣቸው፣ በዚያውም እንዚራናቸውን ይዘው። ቋ 4683 ናት፤ 4608 ሲቀነስ 75፣ ለ8 ሲካፈል 9፣ ቀሪ 3። ቀ 8ኛው ረድፍ ላይ ነው፣ ዲቃሎቿ 9ኛው ላይ። ቀሪ 3 ራብዕ ነው፣ ቋም ራብዕ ናት። ኀ፣ ከ እና ገም እንደዚሁ ተከታይ ረድፍ አላቸው። ፕሮግራምሽ ላይ ለአራቱ ረድፎች «ይህ የእገሌ ቤት ዲቃላ ነው» የሚል አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ ጨምሪ። የካዕብ እና የሳብዕ ቦታቸው ባዶ ነው፤ እዚያ የሚወድቅ ቁጥር ከመጣልሽ ፊደል አይደለምና ኤረር እንዲል አድርጊው። ስትጨርሺ «ጐንደር»ን፣ «ኳስ»ን እና «ቁርባን»ን አስገቢበትና ያወጣውን እዚሁ ለጥፊልን።